ቀና በይ

ሰኞ፣ ጥር 4

ወደማስተምርበት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አዲሶቹ ሞተር ብስክሌቶች መጡ። አራት ናቸው። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ። አለቃዬ ከጭነት መኪናው ሲወርዱ እጁን እያሻሸ ቆሞ ያያቸዋል። ተማሪዎቹ ቫርኒሽ ይሉታል፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚወለውል። ዛሬስ የወጣለትን ስም በደንብ አስመሰከረ።

ምን ይባላሉ እነዚህ? ከፊት ሲያዩዋቸው የእሽቅድድም ሞተር፣ ከውስጥ ያችው የምናውቃት መቶ ሃያ አምስት። ዙሪያዋን ፕላስቲክ አልብሰው፣ ጎኗ ላይ መብረቅ ለጥፈው... ጭስ ማውጫዋ እንኳ ሆን ተብሎ እንዲጮህ የተሠራ ነው። ገና ፍሪሲዮን መልቀቅ ያልለመደ ተማሪ ሆዱን የነዳጅ ታንከሩ ላይ አስተኝቶ፣ ቂጡን ሰቅሎ ሊማር ነው። አንገሸገሸኝ።

"ወጣቱ መልክ ነው የሚያየው፣ ጊዜው ነው" አለኝ።

"ፈታኙስ መልክ ያያል?"

አልሰማኝም። ፕላስቲኩን እየወለወለ ነበር። አሮጌዎቹን ሸጧቸዋል። አስቀያሚ ነበሩ፣ ግን አመል አልነበራቸውም።

ረቡዕ፣ ጥር 6

አንዱ ተማሪ በኮኖቹ መሃል ስምንት ቁጥር ሲዞር መሪውን ጥግ ድረስ አዞረና መሪው ፕላስቲኩን መታው። ተሰነጠቀ። ልጁም ወደቀ። ቫርኒሽ እየሮጠ መጥቶ ፕላስቲኩን ዳበሰ። የልጁን ጉልበት ያየለት እኔ ነኝ። ኤዲያ...

ቅዳሜ፣ ጥር 9

በያጁ መጥቶ ነበር። እሱና ቫርኒሽ አራቱንም ሞተር ወደ ጓሮ ወሰዷቸው።

"ምን እያሠራህ ነው?"

"ትንሽ ማስተካከያ ነው።"

ተማሪ እየጠበቀኝ ነበር። ተውኩት።

ሰኞ፣ ጥር 11

ታናሽ እህቴ ዛሬ ከቀዮቹ አንዷ ላይ ወጣች። ባለፈው ወር በአሮጌው ስትማር እንደ ውሃ ነበር የምትፈስሰው። ዛሬ ስምንት ቁጥሩ ላይ እግሯን መሬት አወረደች፤ ፈተና ቢሆን ወድቃለች። ደገመች። ሰለሰች።

"ቀና በይ። መሬት መሬት አትይ" አልኳት።

"መሪው አልዞር አለኝ እኮ እትዬ።"

"ዐይንሽ ካልዞረ መሪ አይዞርም።"

ነርስ ናት። ክሊኒኳ ቤት ለቤት እየዞረ ሕሙማን የሚያይ ሰው ይፈልጋል። የቀን ሥራ ነው፣ ሞተሩንም እነሱ ይሰጧታል። ግን እስከዚህ ወር መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ነው። እሷ እዚያው የሌሊት ተረኛ፣ ልጇም እኔው ቤት እያደረች...

ዓርብ፣ ጥር 15

ፈተና። ስድስት ገቡ፣ አምስት ወደቁ። አንድ እግረ ረጅም ብቻ ሞተሩን ክፉኛ አጋድሞ አለፈ። እህቴም ከወደቁት ናት።

"ምንድን ነው የምታስተምሯቸው?" አለኝ ፈታኙ።

ቫርኒሽ ደግሞ "የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው" አለ፣ መስታወቱን እየወለወለ። እኔም በልቤ እንደሱ ማሰቤ ነው ያስጠላኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

ጠዋት እህቴ ከተረኝነት ወጥታ ልጇን ልትወስድ መጣች። ልጅቷ ጫማዋን ይዛ ወደኔ ዞረችና "እማ፣ እሰሪልኝ" አለችኝ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰማች። ተንበርክካ አሰረችላት። ቋጠሮው እምቢ ብሏት ሁለት ጊዜ ፈታችው።

ዓርብ፣ ጥር 22

ፈተናውን ደግማ ወደቀች። እዚያው ቦታ፣ ያንኑ እግሯን አወረደች። ደሜ ፈላ። ሰው ፊት "ፈሪ ነሽ፣ ሌላ ምንም አይደለም" አልኳት።

የራስ ቁሯን አወለቀች። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሄደች።

የቀራት አንድ ፈተና ነው። እሱን ከወደቀች ስድስት ወር መጠበቅ አለባት።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ማታ ማታ ሞተሮቹን ወደ መጋዘን የማስገባው እኔ ነኝ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ መታጠፊያም አለው። አሮጌዎቹ አንዴ ገፋ ሳደርጋቸው ይገቡ ነበር። እነዚህ ግን ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ... ወገቤ ነው እል ነበር። እርጅና ነው እል ነበር።

ዛሬ መሪውን ይዤ ጥግ ድረስ ላዞረው ሞከርኩ። ጥግ ሳይደርስ ቆመ። ባትሪ አብርቼ ከሥር አየሁ። መሪው ሲዞር በሚያቆመው ብረት ላይ በግራም በቀኝም ሌላ ብረት ተበይዶበታል። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ደግሞ እኮ አሳምሮ ነው የቀባው።

ቫርኒሽ ገና ቢሮው ነበር።

"ፕላስቲኩ እንዳይሰበር ነዋ" አለኝ። ፊቱ ላይ እፍረት የለም።

"ስምንት ቁጥሩን በምን ይዙሩት?"

"ሰፋ አድርገው ይዙሩ።"

"ኮኑን የሚደረድረው ፈታኙ ነው።"

"እንግዲያው ለሱ ንገሪው።"

ቀፈፈኝ። ይህን ሰው በየቀኑ ጠዋት እየጨበጥኩ ነው የምውለው።

ግን እሱስ ፕላስቲኩን ወደደ። እኔስ? "መሪው አልዞር አለኝ" ብላኛለች፣ በአማርኛ፣ በጆሮዬ። አንዴ ጎንበስ ብዬ ማየት አቃተኝ? ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ቫርኒሽ ምሳ ሲወጣ እህቴ የምትፈተንባትን የቀይዋን ትርፍ ብረት ቆረጥኩት። በያጁ ነው የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ያዋሰኝ። "እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት" እያለ ባትሪ ያዘልኝ።

ለእህቴ ደወልኩ።

"አልመጣም" አለች።

"አንቺ አልነበርሽም። መሪው ነው። እንዳይዞር በይደውት ነበር።"

ዘጋችው መሰለኝ።

"ነግሬሽ ነበር" አለች በመጨረሻ።

"ነግረሽኛል።"

ዓርብ፣ ጥር 29

እህቴ ከተረኝነት ቀጥታ ለፈተናው መጣች፣ ዐይኗ ቀልቶ። ሰላም አላለችኝም።

ገባች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስትይዝ መሪው ዞረ፣ ዞረ፣ እስከ ጥግ። ከዚያ ቋ አለ። ፕላስቲኩ። መብረቁ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቫርኒሽ እየጮኸ ወደ ውስጥ ሮጠ። ፈታኙ በእጁ ከለከለው።

"መስመሩ ውስጥ ሰው አይገባም።"

"ንብረቴ እኮ ነው!"

"ፈተና ላይ ነን።"

እግሯን አላወረደችም። በሁለተኛው መታጠፊያ የዚያኛው ጎን ቋ አለ፤ ቁራጩ መሬት ወደቀ። ዘወር ብላም አላየችው። እንዲህ የሚያረካ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

አለፈች።

የራስ ቁሯን አውልቃ ፊቴ ቆመች። "ቀና ብዬ ነበር?" አለችኝ።

"ድሮም ቀና ብለሽ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።"

አላቀፈችኝም። ግን ቁልፉን በእጄ አስጨበጠችኝ፣ እጄንም ቶሎ አልለቀቀችም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ቫርኒሽ አያናግረኝም። ተመስገን ነው። የተሰነጠቀውን በፕላስተር አጣብቆ ፕላስተሩን ይወለውላል። የቀሩትን ሦስት ሞተሮችም በምሳ ሰዓት በምሳ ሰዓት እየቆረጥኩ ጨረስኳቸው። እያየ እንዳላየ አለፈ። ፈታኙን ፈርቶ ይሆናል።

እህቴ የቀን ሥራዋን ጀምራለች፤ ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እናቷ ጋ ነው ያደረችው። ትናንት እህቴ ይዛት መጣች። በሩን ስከፍት "አክስቴ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ፣ ምን ይደረጋል።

ዛሬ አንድ አዲስ ተማሪ ስምንት ቁጥሩ ላይ እግሩን አወረደ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሄጄ በርከክ አልኩ፣ መሪውን በእጄ ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዞርኩት። ደህና ነው። ሰውዬው እውነትም መሬት መሬት ነው የሚያየው።

"ቀና በል" አልኩት፣ ቀስ ብዬ።