ሰባተኛው መስመር፦ የአቶ እንድሪያስ ማዳ የሕይወት ታሪክ (1954–2011 ዓ.ም.)

አቶ እንድሪያስ በሽመና ይተዳደሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ማዳ ዳና በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። የእናታቸው ስም እንደ ወጉ እዚህ ላይ መነበብ ነበረበት። ነገር ግን እርሳቸው ሃምሳ አራት ዓመት የጠበቁት ስም ነውና እኛም ቦታው እስኪደርስ እንጠብቃለን።

በተወለዱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናታቸው ዐረፉ። አባታቸው ጨቅላውን ታቅፈው ወደ ቀያቸው ወደ ዶርዜ ተመለሱ፤ በዚያ እናቲቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንድሪያስ ሲጠይቋቸው አባትየው ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ስሟን ከጠራሁ ትመጣብኛለች» ይሏቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አቶ ማዳም ስሟን ይዘው ዐረፉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶርዜ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ አጠናቀው፣ በ1974 ዓ.ም. በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። ማን ከማን እንደተወለደ ማጣራትን የተማሩት ከወራሽነት መዝገቦች ነው።

በ1981 ዓ.ም. ለወ/ሮ ልክነሽ ሽማግሌ ሲልኩ፣ ዝምድና እንዳይኖር የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። የልክነሽ አጎት፣ «በአባት ሰባት፣ በእናት ባዶ! ግማሽ ሙሽራ ነው እንዴ ያመጣችሁልን?» ብለው ሰዉን አሳቁ። አቶ እንድሪያስ ግን ተነሥተው፣ «የጎደለውን ፈልጌ አመጣለሁ» አሉ። በዚያ ቃል ተጋብተው ሳምሶንንና ኢያኤልን አፈሩ።

በ1996 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው በአርባ ምንጭ ሴቻ ሠፈር የዘር ሐረግ ማፈላለጊያ ቢሮ ከፈቱ። የሚጋቡ ወጣቶች፣ ወራሾች፣ በማደጎ ያደጉ ልጆች ይመጡላቸው ነበር። ከአንድ ሰው የሰሙትን ስም በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ያንን ሰው የማያውቅ ሌላ ሰው ሲደግምላቸው ብቻ በእስክሪብቶ ያጸኑታል። ዘር የሚወሳው በሐዘን ነው ብለው ከለቅሶ ቤት ስለማይጠፉ፣ «እንድሪያስ የሚመጣው የሟቹን ቅድመ አያት ሊቀብር ነው» ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት የቀረው ሁለት ምሩቃን መጡ። ሐረጋቸው ሰባተኛው ቤት ላይ ተገናኘ። አቶ እንድሪያስም ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ሠርጉ ቀረ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ላይ ቢያቆሙልን ምን ነበር?» አለቻቸው። የተቀመጠችበትን ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ለዓመታት ማንም አልተቀመጠበትም።

በ2008 ዓ.ም. ለአንድ ደንበኛ ሥራ ምዕራብ ዓባያ ሄደው ሳለ፣ አቶ ኦይታ የተባሉ አዛውንት፣ አንድ ሸማኔ ተከትላ ሄዳ ሳትመለስ ስለቀረች አንዲት የአጎታቸው ልጅ አወሩላቸው። ሸማኔው ማዳ ይባል ነበር። አቶ እንድሪያስ ስሟን በእርሳስ ጻፉ። ከወር በኋላ በሌላ ቀበሌ አንዲት አሮጊት ያንኑ ደገሙላቸው። እነሆ፣ ቦታው ደርሷል፦ የአቶ እንድሪያስ እናት ወ/ሮ ወለቴ ይባላሉ።

የቀረውን ለማስቆጠር ባለቤታቸውን ይዘው ወደ አቶ ኦይታ ተመለሱ። አዛውንቱ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስድስተኛው ሰው የተወለዱበት መንደር የባለቤታቸው ቅድመ አያቶች መንደር ነበር። አቶ ኦይታ ለሰባተኛው ስም አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ እንድሪያስ እጃቸውን አነሡ። «አባባ፣ እዚህ ላይ ይብቃን። ልጆች አሉኝ።»

በማግስቱ ያንን ወንበር ከግድግዳው መልሰው አዞሩትና ራሳቸው ተቀመጡበት። ከዚያ በኋላ ለሚጋባ ሰው ዘር አልቆጠሩም።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ማንም ሳይጠራቸው «አቤት» ይሉ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው አሉ። በደብተራቸው ላይ ስድስቱ ስሞች፣ እኚያ አሮጊትም ስለደገሟቸው፣ በእስክሪብቶ ተጽፈዋል፤ ሰባተኛው መስመር ባዶ ነው። አቶ ኦይታ ዛሬ በመካከላችን ተገኝተዋል። ወ/ሮ ልክነሽ አልጠየቋቸውም፤ አይጠይቋቸውምም።

ሰባተኛውን ቤት የሚያውቅ አምላክ የወለቴን ልጅ እንድሪያስን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።