ከመጋረጃው ኋላ የተኛው

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጀርባ ሕመም ተሻለህ? ብርዱንስ ቻልከው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እባክህ ቁጭ በል። አባባ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። በደወልክ ቁጥር "ተኝቷል፣ አልቀሰቅሰውም" እያልኩ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። እማማ "ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል? ሲመጣ ዓይን ለዓይን እያየነው እንነግረዋለን" ብላ አስምላኝ ነው። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ።

አባባ ሲታመም የጭነት መኪናውን ሩቅ ጋራዥ ትቶ ነበር የመጣው። እማማ "የሱ መኪና ሰው ደጅ አትደር" ስላለች ላመጣት ሄድኩ። መንዳት ያስተማረን እሱ አይደል፣ አንተን ስድስቴ አስለቅሶ፣ እኔን አንዴ ብቻ! ሁለት ቀን ብቻዬን፣ በዚያች ሁለት መኪና በጭንቅ በምታስተላልፍ አስፋልት ነዳሁ። ግራ ቀኙ እርሻ ነው፤ ለሰዓታት የሚያልፈኝ መኪና የለም።

ጠባብ ድልድይ ሲደርስ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ሁለቴ አጭር አንዴ ረጅም ክላክስ ማድረጉ ትዝ ይልሃል? ለካ የመንገዱ ሰዎች "ጋሽ ጡሩምባ" ነው የሚሉት። እኔ የመጀመሪያውን ድልድይ ዝም ብዬ አለፍኩ። ከማዶ ያለው ጎሚስታ መኪናዋን አውቆ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሮጦ መጣ። "ጋሽ ጡሩምባ ምነው ዛሬ ዘጋን?" አለኝ። አፌ ላንተ የለመደውን አወጣ፤ ከኋላ ተኝቷል አልኩት። ከወንበሩ ጀርባ ያለችውን፣ አባባ መንገድ ላይ የሚያድርባትን አልጋ መጋረጃ አየና ድምፁን ቀንሶ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደነካኝ እንጃ። ሬዲዮውን ቀነስኩ። ጉድጓድ ሳይ እንዳይነቃ ብዬ ቀስ አልኩ። አልጋዋ ሲጢጥ ትላለች፤ ሲገላበጥ እንደዚያ ነበር የምትለው። ማርሽ ስሳሳት ደግሞ፣ ወንድም ጋሼ ሙት፣ ስናጠፋ የሚያሰማትን ያቺን ደረቅ ሳል ሰማኋት። ፈራሁ። ደስም አለኝ። መጋረጃውን ያልከፈትኩት ለዚህ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት አንድ ሻይ ቤት ስደርስ ባለቤቲቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ጠበቀችኝ፤ ለካ ጎሚስታው ደውሎላታል። አንዱን ለኔ ሰጥታ፣ ሌላውን እንደያዘች የመኪናዋ በር መወጣጫ ላይ ቆመችና ጆሮዋን ወደ ውስጥ ጣለች። "ኧረ ይሄ ሰውዬ! ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማል" ብላ ሳቀች።

እኔም እየሰማሁት ነበር። ዘልዬ ገብቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። ብርድ ልብሱ እሱ እንዳጠፈው ነው። ትራሱ ጭንቅላቱ ባረፈበት ስርጉድ እንዳለ ነው። ሌላ ምንም የለም። "ሞቷል" አልኳት፤ ቃሉን ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። መወጣጫው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሻዩ በእጇ እንዳለ አለቀሰች። ቆይታ "ሲያወራልን የማይጠግበው ያ ሩቅ ያለው ልጁስ ሰምቷል?" ስትለኝ መጻፊያ ጠየቅኳት። ይህን ወረቀት የሰጠችኝ እሷ ናት።

አደራ፣ ብቻህን አታልቅስ፤ ሰው ጥራ። ብትቆጣኝ መብትህ ነው፣ ግን ደውልልኝ። ቤት ለመድረስ አንድ ድልድይ ቀርቶኛል፤ እንደሱ ክላክስ አድርጌ ነው የማልፈው።

እማማ ጉንጭህን እየሳመች ነው፤ መሐላውን ማፍረሴን ገና አልሰማችም። ታናሻችን ፎቶ ላክ ብላሃለች። አክስታችን እንደ ሁልጊዜው ሚስት አግብቷል ወይ እያለች ነው። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች "አባባም ሰላም ብሎሃል" ብዬ የጻፍኩት ከራሴ ነበር። ዛሬ ቦታውን ክፍት ትቼልሃለሁ።

እህትህ

ከመጨረሻው ድልድይ በፊት ካለው ሻይ ቤት
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን