በእስክሪብቶ የጻፍኳቸው ስድስት ወረቀቶች

ለተወደድሽው ታላቅ እህቴ ሊጊኔቲ፤

ይህን የሚጽፍልሽ ከሙላንጄ ተራራ ሥር አንደኛ ጸሐፊ የሆነው ወንድምሽ ፋንዌል ነው። አንደኛ ስልሽ ከማታ ትምህርት ተፈታኞች ማለቴ ነው። አሥራ አንድ ነበርን፤ እውነቱን ካልሽ አራተኛ ወጣሁ፤ ግን ከፊቴ ያሉት ሦስቱ ሴቶች ስለሆኑ አልቆጠርኳቸውም። ከሦስቱ አንዷ ባለቤቴ ፋሌሲ ናት። አሁንም በትከሻዬ በኩል እያነበበች "ቀጥል፣ ቀጥል፣ ውሸት እንደሆነ ወረቀት አይበቃህም" ትለኛለች።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሰው ቤት ወለል ስትወለውዪ የተጎዳው ጉልበትሽ ተሻለው? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽስ ቺፉኒሮ አደገች? ቋንቋችንንስ ረሳች ወይስ ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች? እኛ አለን። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ሦስት ሳምንት ቤታችን ውስጥ አብሮን እየኖረ ነው። በቆሎው አልደረቀም፤ ፍየሏ ታስላለች፤ እኛ ግን አለን።

እስከዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ላክሰን ነበር። ይሄን በእጄ የጻፍኩት ላሳይሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲሰማው ስላልፈለግኩ ነው።

በፋሲካ ያስጻፍኩልሽን ታስታውሺያለሽ። ከዞምባ የመጡት፣ እኔ የማግዛቸው የነፍሳት አጥኚ ዶክተር ቴሌዛ፣ ጥዱ ላይ እንደ እርጥብ ጸጉር ከሚበቅለው ሳረንስት ውስጥ በዓለም ያልታወቀች ቅንቅን አገኙ፤ የእናታችንም ስም ሊወጣላት ነው ብዬሽ ነበር። አንቺም በመልስሽ "ቀብሯ ላይ አልነበርኩም፤ ስሟን ግን ከመጽሐፍ ላይ አነበዋለሁ" አልሽኝ። ለማኅበርሽም ሴቶች ሁሉ ነገርሽ።

ቅንቅኗን እንደገና ልንገርሽ፤ ደስ ስለሚለኝ። ከጨው ቅንጣት ታንሳለች። ስትወለድ ስድስት እግር አላት፤ ስታድግ ሁለት ትጨምራለች። ዓይን የላትም። ከራሷ ኋላ ግራና ቀኝ እንደ ከበሮ መምቻ ጫፉ ያበጠ ጸጉር አላት፤ ነፋስ ሲነካው ዓለሙን የምትሰማው በእሱ ነው። ልብሷ እንደ ዔሊ ድንጋይ ነው። ስትፈራ እግሮቿን ሰብስባ ጎኗ ላይ ባሉት ሁለት ክዳኖች ትዘጋባቸዋለች። ጀርባዋ ላይ ደግሞ፣ እንደጻፍኩልሽ፣ እናታችን ጉንጭ ላይ እንደነበረው ንቅሳት ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት መስመር አለ።

ዶክተሯ ወገኗን ሲፈልጉ አጎታችን ናሆሊ ልጅ ሊያገባ የመጣን ሰው ጎሳ እንደሚጠይቀው ነው። ከሸረሪትና ከመዥገር ዘር ናት፤ እሺ። ድንጋይ ከለበሱት ቤት ናት፤ እሺ። ክዳን ካላቸው ወገን። ጥፍሯ አንድ ነው ሦስት? ሆዷ ሥር እንቁላል የምትጥልበት በር ላይስ ስንት ጸጉር አለ? ዘመዶቿ አምስት አምስት አላቸው፤ የእኛይቱ ስድስት። "ይቺን የሚያውቃት የለም" አሉ፤ ከዚያ "ከየት ናት?" አሉኝ። እኔም በሙሉ አፌ "ከእናቴ ገደል፣ ከናቺሊሞ" አልኩ። እናታችን እንጉዳይ የምትለቅምበት፣ መንገዱን ለእኔ ያሳየችኝ ገደል። እሳቸውም "እንግዲያው ስሙ የእሷ ነው" አሉ። ነገር ግን ያ ሳረንስት ከሦስት ቦታ ተለቅሞ በአንድ ጆንያ የተቀላቀለ ነበር። አንዲቷም ቅንቅን ሲያገላብጧት ከመርፌው ሥር ተሰበረች። "እንደገና አምጣ፤ የየቦታውን ለየብቻ፤ በየጠርሙሱም የቦታውን ስም ጽፈህ ክተት። በእርሳስ" አሉኝ።

በእርሳስ አሉኝ፣ እትዬ። ደግመውም ነገሩኝ። ግን መምህር ላክሰን ፊደል ለጨረሰ ሰው እስክሪብቶ ይሰጣል፤ እርሳስ ገና ለሚሳሳት ነው። እኔ እስክሪብቶዬን እንጨት ስሸከም እንኳ ከደረት ኪሴ አላወጣሁትም። ዶክተሯ በወባ ተኝተው ነበርና ሁሉን ብቻዬን ሠራሁ። ሳረንስቱን ከሦስቱም ቦታ ለየብቻ ለቅሜ፣ ጋዝ እንደምንቀዳበት ባለ፣ አፉ ሰፊ ሥሩ ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ከላይ አምፖል አበራሁበት። ሲሞቃቸው ወደ ታች እየሸሹ አልኮሉ ውስጥ ይወድቃሉ። ለየቦታው ሁለት ሁለት በሆኑት ስድስት ጠርሙሶች ውስጥ ስድስት ወረቀት ከተትኩ፤ እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰለሽ፤ የወፍ ላባ የመሰለ።

ዶክተሯ ሲሻላቸው ጠርሙሶቹን አነሡ። አልኮሉ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ የእኛይቱ ስምንት ሆነው ተገኙ፤ ወንዱም ሴቷም፣ አንድ እግር ሳይጎድላቸው። ከየት እንደሆኑ ግን የሚናገር የለም።

"እንመለስ" አልኳቸው። ተመለስን። ሦስቱም ቦታ መጋዝ ቀድሞናል። እናታችን ተደግፋ የምታርፍበት ጥድ ጉቶ ሆኗል፤ የመጋዙ ብናኝ ገደሉ ድረስ ወርዷል። ቅርንጫፉ ላይ የቀረው ሳረንስት እንደ ትንባሆ ደርቋል። ያንኑ ለቅመን አራት ቀን አምፖል አበራንበት። የወደቀው አቧራ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዶክተሯ ያን ጠርሙስ ፊቴ አስቀምጠው "ፋንዌል፣ ይሄ ከየት ነው?" አሉኝ። "ከናቺሊሞ ነው" አልኩ ቶሎ። "በእናትህ ስም ማል፤ እጽፈዋለሁ" አሉኝ። እትዬ፣ ይሄን አፌን ታውቂዋለሽ። ዘጋሁት። እሳቸውም አልተቆጡኝም። "በግምት የተጻፈ ነገር ከእኔም ከአንተም ዕድሜ በላይ ይዋሻል" አሉና በእርሳስ ጽፈው ጠርሙሱ ውስጥ ከተቱት። "ቦታው አይታወቅም" ይላል። ከክፍል ውጭ ማንም ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። አገሯ ያልታወቀ ስም አይወጣላትም። በማግስቱ ወደ ዞምባ ሄዱ፤ ይመለሳሉ ብዬ አላስብም፤ የሚመለሱበትም ዛፍ የለም።

ስለዚህ ለማኅበርሽ ሴቶች ንገሪያቸው፤ ወይም አትንገሪያቸው። እኔ ምን እንደሚሻል አላውቅም።

አጎታችን ናሆሊ ሰላም ብሎሻል፤ ጥርሱ አልቆ ገንፎው ራሱ ከበደኝ ይላል። ፋሌሲ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላትን ሹራብ አውልቃው አታውቅም። ልጆቹ እጅ ይነሱሻል። ቺፉኒሮን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባልሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አሁን ፋሌሲ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። በፋሲካው ደብዳቤ ስለ መስመሮቹ ያስጻፍኩትን ደጋግመሽ አንብበሽ እንዳለቀስሽ፣ ፊቷን ያየሁ ያህል ሆነልኝ እንዳልሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። እግሮቹም፣ ክዳኖቹም፣ ስድስቱም ጸጉር እውነት ነው፤ ዶክተሯ ቆጥረው የነገሩኝ ነው። መስመሮቹን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። በዶክተሯ ማጉያ መነጽር ላይ አጎንብሼ "አየህ?" ሲሉኝ "አየሁ" አልኩ። ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው።

ወንድምሽ ፋንዌል
ናሞሶ መንደር፣ ሙላንጄ
ጁላይ 19 ቀን 1998