ለሸርጣኖቼ የተጨመረ ጨው

ሮቢት፣ ማክሰኞ ግንቦት 12

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ዛሬስ አሳበዱኝ! ደብረ ሲና ደርሼ እስክመለስ፣ በመስታወት ገንዳ የማኖራቸውን የባሕር ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎች አደራ ብያቸው ነበር። «ሙቀቱ ውሃውን ሲያጎድለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምሩ፤ ጨዉ እንደሆነ አይተንም» ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው! ስመለስ አንዱም አይነቃነቅም። ውሃውን ብቀምሰው ምላስ ይልጣል።

«በዚህ ሐሩር ከብቱም ጨው ካልላሰ አይጠናም። አንጀቴ አልችል ብሎኝ ትንሽ በተንኩላቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

ውሃውን ቀስ እያልኩ ቀንሼ በንጹሕ ተካሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ሸርጣን እግሩን አነቃነቀ። ቀንድ አውጣዎቹ እንደተዘጉ ናቸው። እሳቸው መስታወቱን ትክ ብለው አይተው፣ «ዓሣውንስ መቼ ነው የምታመጣው?» አይሉኝም!

ሐሙስ ደግሞ ደብረ ሲና እሄዳለሁ። ከሳቸው ሌላ አደራ የምለው ሰው የለኝም።