አንተ የቆጠርካቸው ፔንግዊኖች

ውድ ወንድሜ ፈርገስ፣

ይህን ደብዳቤ የእህታችን ልጅ ሎርና እንድታነብልህ አልፈልግም። መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው። ከሁለት ዓመት በፊት ልነግርህ ይገባኝ የነበረውን ነው የምጽፍልህ። ደክሞኛል፤ ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም።

ዘንድሮ የወፎቹን ቆጠራ ብቻዬን ጨረስኩት። ጉልበቴ እንዴት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ገደሉን ቁልቁል ስወርድ በቂጤ ነው የምንሸራተተው፤ ሽቅብ ስመለስ ደግሞ በየአሥር እርምጃው አርፋለሁ። ረጅሙ ሣር ውስጥ አንድ የባሕር አንበሳ ተኝቶ ልረግጠው ለትንሽ ተረፍኩ። ድሮ ከፊት እየሄድክ ሣሩን በዱላ የምትመታልኝ አንተ ነበርክ። ተነስቶ ሲያጓራብኝ «ተኛ እባክህ፣ እኔም ብችል እተኛ ነበር» አልኩት። ተመልሶ ተኛ። ትልልቆቹ የባሕር ወፎች፣ አልባትሮሶቹ፣ ደህና ናቸው። ፔንግዊኖቹን ግን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ጎጆ አካባቢ ነው የመጣልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንተ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥር ብለህ መጣህ። እኔ ሁለት ሺህ ስድሳ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ስለነበሩ የእኔው ልክ መሰለ።

«ሄት፣ ወፎቹ እኮ እያለቁ ነው! ባዶ ጎጆ ብቻ ነው የሞላው» አልከኝ።

«ወፎቹማ አሉ፤ ያለቀው ያንተ ዓይን ነው» አልኩህ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የየደሴቱ ሰው ሻዩን ይዞ መነጋገሪያ ሬዲዮኑ ሥር በሚቀመጥበት ሰዓት፣ የጎረቤት ደሴቱ ዊልፍ ቆጠራው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ፈርገስ የፔንግዊኑን ሲሶ በልቶታል፤ አረጀብኝ መሰለኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዊልፍማ «ነገ ደግሞ ሚስት ነበረችኝ እንዳይልሽ ጠብቂው!» አለ። አንተ ከኋላዬ ጫማህን እያሰርክ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለማሸትም አልሞከርኩም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ገደሉን በነጭ ችካል ዘጠኝ ቦታ ከፍለን፣ ከችካል ችካል በዓይናችን እየለካን አይደል የምንቆጥረው? ያን ዓመት ነጩ ችካል ለእኔ አልታይ አለኝ። አዎ፣ ዓይኑ የደከመው እኔ ነበርኩ። ላንተ መናገር አፍሬ፣ በእኔ ተራ ችካሎቹ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አሰርኩ። ቀይ! አባታችን ቀይ ኮፍያውን ጭልፊቱ ጆኒ ሩክ ከራሱ ላይ መንትፎት ከሄደ በኋላ ስንት ጊዜ ነግሮናል? በዚህ ደሴት ለዚያ ሌባ ጭልፊት ቀይ ነገር ማሳየት ማለት ና ውሰድ ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ በስድሳ ሦስት ዓመቴ ረሳሁት።

በሬዲዮ ባሾፍኩብህ በአምስተኛው ቀን ክሬን ጆኒ ሩክ ጎጆ ውስጥ አገኘሁት፤ እንቁላሉን አስቀምጦበታል። ተመልሼ ቦታውን አየሁ። ስድስተኛው ችካል ክሩን ተነጥቆ ሳይታየኝ ስላለፍኩት፣ ሰባተኛውን ክፍል አንዴ ከስድስተኛው ጋር፣ አንዴ ለብቻው፣ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ስድስት መቶ ሃምሳ ጎጆ። ቀንሰው እስቲ። ያንተው ቁጥር ነው የሚመጣው።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ልነግርህ ነበር፤ እውነቴን ነው። አንተ ደጃፍ ላይ ቆመህ «ሄት፣ ፈረሱን አብልቼዋለሁ እንዴ?» ብለህ ጠየቅከኝ። አብልተኸዋል፤ በመስኮት አይቼሃለሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አዎ፣ አብልተኸዋል» ብቻ ብዬህ ገባሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ በሬዲዮ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚስቅብኝ አሰብኩ። ወፎቹ አሉ ብሎ ማመንም ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ አንተ የአጥሩን በር ዘግተህ ሃያ እርምጃ ሄደህ፣ መዝጋትህን ለማየት ትመለስ ጀመር። ድንቹን ሦስቴ ትቆጥራለህ። ጀልባህን ለዊልፍ ሰጠኸው። «እኔን ማመን ትተሽ ሌላ ሰው ጠይቂ» ማለት አመጣህ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ወጥ እሠራ ነበር፤ ምን ዓይነት ልብ እንደሰጠኝ እንጃ። ሎርና መጥታ ስታንሊ ከተማ ወደ ቤቷ ስትወስድህም ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሎርና ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ሐኪሙ ምንም የለበትም ይላል። እሱ ግን መንገድ ይጠፋኛል ብሎ ከደጅ አይወጣም» አለች። እስቲ አቅርቢልኝ ብላት፣ ስልክ ላይ ይምታታብኛል ብለህ እንደማትመጣ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የወንድሜን አእምሮ ለአንድ ሳቅ ሸጥኩት እኮ!

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮኑን ያዝኩና ክሩንም፣ ቁጥሩንም፣ ዝምታዬንም ለሁሉም ተናገርኩ። በመጨረሻ ዊልፍ፣ «ሄቲ፣ እኛስ ሰማን፤ እሱ ሰምቷል ወይ?» አለኝ። ሎርና ቤት ሬዲዮ የለም። ለዚህ ነው የምጽፍልህ፤ ሐሙስ አውሮፕላኑ ደብዳቤውን ይወስደዋል።

ቁጥራችንን የምንልክለት ስታንሊ ያለው ቆጠራ ቢሮም ደውዬ የእኔን ቁጥር ሰርዛችሁ የእሱን ጻፉ ብላቸው፣ ሴትየዋ መዝገቡን አወጣች። «የእሱ ቁጥር እዚህ አለ፤ ግን በራሱ እጅ ሰርዞ ፈርሞበታል» አለችኝ። መሰረዝህን አላውቅም ነበር። ቁጥሩ የሚመለሰው ራሱ መጥቶ ሲፈርም ነው አለች።

ወደ ደሴቱ ተመለስ አልልህም፤ እኔም ከዚህ በኋላ የምቆጥር አይመስለኝም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ጊዜው ሲደርስ አንተ ታውቃለህ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ሂድና ፈርም። ሎርና ልከተልህ ትላለች፤ እምቢ በላት። ከቤቷ ወጥተህ ባሕሩን ይዘህ ቁልቁል ትሄዳለህ፣ ቢሮው ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ ነው። ብቻህን ሂድ። አይጠፋህም።

ጤነኛውን ወንድሟን አበደ ያሰኘችው እህትህ፣
ሄቲ