ወለሌን የከሰሰ ማሽን

ሐምሌ 2
ዝናብ ብቻ። የደረጄ ማሽን ዛሬም ቆመ... ደስ አለኝ።

ሐምሌ 4
ልጄ ደረጄ ሲዲ እያባዛ ይሸጣል። ማሽኑን የዶለው በእናቱ በፈንታነሽ ጓዳ ነው፤ ነፍሷን ይማር። ማሽኑ ክንድ አለው። ባዶ ሲዲ ከክምሩ ያነሳል፣ መሳቢያው ላይ ያኖራል፣ መሳቢያው ይገባና ይቀዳል። ከዚያ ክንዱ አውጥቶ ለማተሚያው ያቀብላል፣ ሥዕል ይታተምበታል። እንዲያ ነው የሚባለው። እኔ ያየሁት ግን ሲዲውን ጠርዝ ላይ ሲጥለው ነው። መሳቢያው ሲገባ ቀጭ! ቀይ መብራት። ጩኸት። ደረጄ አጠፋ፣ አበራ። ሽቦ ቀየረ። አቧራውን በአፉ እፍ አለ።
"በሬም እፍ ስላሉት አያርስም" አልኩት።
"አባዬ፣ እባክዎ ይውጡልኝ።"
ከገዛ ቤቴ!

ሐምሌ 7
የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ መጡ። መዝሙራችን ለቡሄ ይድረስልን ይላሉ። ደረጄ ይደርሳል ብሎ ምሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።
"ነካክተውት ይሆን እንዴ?"
እኔ! "ብነካው በመዶሻ ነው የምነካው" አልኩት።

ሐምሌ 9
ከባሕር ዳር ጠጋኝ አስመጣ። ሴት ልጅ። ዮርዳኖስ ትባላለች። በጭቃ ጫማዋ ዘው አለች። ክንዱን ፈታች፣ ጠረገች፣ ገጠመች። ጣለ። እንደገና። ጣለ። በር ላይ ቆሜ እስቃለሁ። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ተንበረከከችና አንድ ሲዲ በጠርዙ ወለሉ ላይ አቁማ ለቀቀችው። ተንከባለለ። ሄደ ሄደ፣ የፈንታነሽ ሣጥን ሥር ገባ።
"ማሽኑ ደህና ነው አባቴ። የዘመመው ወለሉ ነው። ክንዱ ሲዲውን በቀዳዳው አንጠልጥሎ ነው የሚይዘው፤ ማሽኑ ካጋደለ ቦታውን ይስታል።"
"ይሄን ወለል የለሰንኩት እኔ ነኝ።"
"መቼ?"
"አንቺ ሳትወለጂ።"
"ያኔማ ቀጥ ያለ ነበር ይሆናል።"
ሳቀች። ደረጄ ግን አልሳቀም። እሱ ነው የከፋኝ። ማዕዘኑን ያያል፣ ጣራውን ያያል... ገባኝ። ቤቱን አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ሲለኝ ዓመቱ ነው። "አንድ ስንጥቅ ካሳየኸኝ አፍርሳት" ብዬዋለሁ። በሰው ፊት። ግንበኛ ነኝና። ወለሉ ከዘመመ ቤቴ ሄደች።
እሷን እስከ መናኸሪያ ሸኛት። ለኔ "ይውጡልኝ"። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!

ሐምሌ 10
ክብ ነገር የትም ይንከባለላል። ሰው በሲዲ ቤት ይለካል?

ሐምሌ 12
ደረጄ ሚካኤል ሄደ። ብቻዬን ነኝ። ውሃ ልኬን አውጥቼ ጓዳው ወለል ላይ አስቀመጥኩ። አረፋዋ መሃል አልቆም አለች። አርጅቶ ይሆናል ብዬ አዙሬ አስቀመጥኩት። ያው። በሳህን ውሃ አደረግሁ። ያው... ሣጥኑን ሳብኩ። ከኋላው ግድግዳው ተሰንጥቋል። ጣቴ ገባ።
ሣጥኑን መለስኩት።

ሐምሌ 13
ደረጄ ሳያይ ማሽኑ ካለበት ጠረጴዛ እግር ሥር የእንጨት ሽብልቅ ከተትኩ። ማሽኑ ሠራ!
"አላልኩህም? ወለሌ ምን ሆነ?"
"ታዲያ ምን ነክቶት ነበር?"
"ያችን አዋቂህን ጠይቃት።"
ስልክ ደውሎ ጮኸባት። ሥራሽን አታውቂም፣ ለሰውም እነግራለሁ አላት። ሰማሁ።

ሐምሌ 20
ዝናቡ አላባራም። ማሽኑ ደግሞ መጣል ጀመረ። ሁለተኛ ሽብልቅ። የጓዳው በር አልዘጋ ብሏል።

ሐምሌ 24
ሦስተኛ ሽብልቅ። ደረጄ ማሽኑን ልጠብቅ ብሎ አልጋውን ጓዳ አስገባ። ሣጥኑ አጠገብ።
እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሐምሌ 25
ዮርዳኖስ ሳትጠራ መጣች። በንዴት። "ስሜ ጠፍቶ አልቀመጥም" አለች። ጠረጴዛው ሥር ገባች። ስትወጣ ደረጄን አላየችውም፣ እኔን ነው ያየችው።
"እጅዎ ጥሩ ነው አባቴ። ሽብልቁ ቀጥ ያለ ነው። ልጅዎ እዚህ ነው የሚተኛው?"
ይች እባብ!
"ሣጥኑን ሳበው" አልኩት ደረጄን። እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ። እስከ አንጓው ገባ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበኝም። "ይቅርታ እህቴ" አላት። ማሽኑን ተሸክመው የኔ መኝታ ቤት አገቡት። ልኩን የያዘ ወለል እሱ ብቻ ነዋ።

ነሐሴ 11
ተማሪዎቹ ሲዲያቸውን ወሰዱ። ከማሽን ጋር መተኛት! ሲያሽካካ ያድራል።

መስከረም 23
ዝናቡ ቆመ። ጓዳው ፈረሰ። ስንጥቅ ካሳየኸኝ አፍርሳት ብዬ የለ... ድንጋዩን አንድ በአንድ እኔ አወረድኩ፣ ቀን ሠራተኛ አላስነካሁም። ድንጋዩን ያያያዝኩበት ጭቃ አሁንም ይዟል። መሬቱ ነው የከዳኝ።
"ብሎኬቱ ይሁንልህ" አልኩት ደረጄን። "መሠረቱን ግን እኔ ነኝ የምጥለው።"
"ጉድጓድ አይወርዱም አባዬ፣ ጉልበትዎ..."
ወረድኩ። የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ። መውጣት አቃተኝ። እሱ ከላይ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ ጎንበስ አለ።
"ሁለቱንም እጅዎን ይስጡኝ" አለ።
አንዱን ሰጠሁት።