የሱፍ ሱሪዬና ያለ ጥፋቴ የወጣልኝ ስም

እኔ በኦራክ ሸለቆ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁት፣ ዕድሜ ልኬን የርስቱ አጋዘን አዳኝ የነበርሁት ፋርከር ማቲሰን፣ ዛሬ ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን 1996 በልጄ በኡና ቤት በአልጋ ላይ ሆኜ፣ ዓይኔ ቢጠፋም ልቡናዬ ሳይጠፋ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊዬ ጡረታ የወጡት መምህርት ወይዘሮ ቢተን ናቸው። ከእርሳቸው ጋር የሚመሰክርልኝ የታደነውን አጋዘን በፈረስ ጭኖ ከተራራ ሲያወርድ የኖረው ወዳጄ ዱጋል ነው። ልጆቼ ዩዋንና ኡና ከፊቴ ተቀምጠዋል። ዩዋን ከአደን በቀጥታ ስለ መጣ ያንን ኮሽ ኮሽ የሚለውን ሱሪውን አላወለቀም። ወይዘሮ ቢተን፣ ይህንንም ይጻፉልኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይጻፍ።

አንደኛ። ቤት የለኝም። የኖርሁበት ቤት ከሥራው ጋር የሚሰጥ ነበርና ሥራው ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ ዛሬ ዩዋን ይኖርበታል። እናታችሁ ቤቱን ከክፉ ይጠብቅ ብላ ደጃፉ ላይ የተከለችውን ባለቀይ ፍሬ ዛፍ ግን ማንም እንዳይነካው አዛለሁ።

«አባዬ፣ እሱን እኮ ቆርጬዋለሁ» አለ ዩዋን። «ለመኪናው አልመች አለኝ።»

እንግዲያው አንደኛው ይሰረዝ። አይ፣ አይሰረዝ። እንደ ተባለ ይቆይ።

ሁለተኛ። አጋዘን ከሩቅ አይበት የነበረውን ረጅሙን መነጽሬን ለኡና ሰጥቻለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ሲጥለኝ አንዷ አነሣችኝ፣ እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። በትሬን ለዱጋል ሰጥቻለሁ።

«በትሩን ምን ላድርገው ፋርከር? እኔም እኮ አንድ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው» አለ ዱጋል።

«በሌላኛው እግርህ ቆመህ ተደገፈዋ» አልሁት።

ሦስተኛ። ወደ ሱሪዬ መጣሁ። ርስቱ በራሱ ተራራ ቀለም አሸምኖ አዳኞቹን ካለበሰው የሱፍ ጨርቅ የቀረው ይህ አንድ ነው። ሟች ባለቤቴ ጄሲ መቀመጫውንና ጉልበቱን ደርባ ሰፍታዋለች። በረግረግ ውስጥ በሆዴ ተስቤበታለሁ፣ በበረዶ ላይ ተቀምጬበታለሁ፤ ርሶ እንኳ ያሞቀኛል።

ከእኔ በኋላ ሱሪ የሚመርጥ ሁሉ ይስማኝ። ነጋዴው «ውሃ አያስገባም» ቢልህ አትቸኩል። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ክፍል ግባና ጭንህን ከጭንህ አፋትግ፤ ለአንተ ጆሮ ኮሽ ካለ ለአጋዘኑ ነጎድጓድ ነው። ቀጥለህ ውሃ ነክረህ ልበሰውና ተቀመጥ፤ ካንቀጠቀጠህ ለሻጩ መልስለት። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ጠበቅ የሚለውን ምረጥ፤ ረጅም እግር ያለው ከሣሩ ውሃ እየጠጣ እስከ ወገብህ ያደርስልሃል። ጥጥ ለተራራ አይሆንም፣ የሚያብረቀርቅም ለሠርግ ይሁን። ላብ የማያስወጣ ሱሪ ደግሞ ከዝናቡ ያድንህና በገዛ ላብህ ያበርድሃል።

«አባዬ፣ ኑዛዜ ነው ወይስ የልብስ ሱቅ?» አለ ዩዋን።

«ዝም በል! እግርህን ባነሣህ ቁጥር እሰማሃለሁ። ወይዘሮ ቢተን፣ እርስዎስ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ አቶ ፋርከር» አሉ።

ይጻፉታ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የወንዶቹ አጋዘን አደን ሊዘጋ ሲል የባለርስቱን እንግዳ ይዘን ወጣን። ገና ከደጅ ሳንወጣ ዩዋንን «ይህን ከከተማ ያመጣኸውን ሱሪ አውልቅ» አልሁት። «የሽማግሌ ሱፍ ለብሼ ሰው ይሳቅብኝ?» አለኝ። እኔ ከፊት፣ እንግዳው ከመካከል፣ ዩዋን ከኋላ ሆነን ረፋዱን ሁሉ በሆዳችን ተሳብን። ዱጋል ፈረሱን ይዞ ከታች ቀርቷል። እንግዳው ጠመንጃውን አስተካክሎ ሊተኩስ ትንሽ ሲቀረው ነፋሱ ቆመ፣ ከኋላዬም ኮሽ አለ። ቀንዳሙ ራሱን ቀና አድርጎ አየንና ሄደ። እንዲያ ያለ አጋዘን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ወርደን ባለርስቱ «ማነው ያስደነበረው?» ሲል ዩዋን ቀደመኝና «አባዬ ሳል አምልጦት ነው» አለ። እንግዳው ጆሮው በጥይት ድምፅ የደከመ ሰው ነበርና ሳልም ኮሽታም አልለየም። እኔም ዝም አልሁ። ልጄ ነው፣ ጀማሪ ነው፣ ይባረርብኛል፣ ነገ ራሱ ያቃናዋል አልሁ። ነገ የተባለው አልመጣም። በወሩ ባለርስቱ «ደረትህ ታሟል፣ ዕረፍ» ብሎ ሥራዬንም ቤቴንም ለዩዋን ሰጠው። ልጄም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበለ። አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው፤ ሥራውስ ቢሆን ነገ ለእርሱው ነበር።

በእኛ ሸለቆ ግማሹ ሰው ማቲሰን ነው። ሰው ከሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው፣ ቅጽሉም እስከ መቃብር ይከተለዋል፣ ለልጁም ይተርፋል። ዱጋል ያን ሰሞን በመጠጥ ቤት «ሳላሙ ፋርከር» አለኝ፤ ሰው ሳቀ፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ዱጋል፣ አልቀየምሁህም፤ የነገሩህን ነው ያመንኸው። ዕድሜ ልኬን ትንፋሼን ይዤ አውሬ የቀረብሁ ሰው ግን ሳላሙ ተብዬ ልቀበር ነው። አንተም ዩዋን «የሳላሙ ልጅ» ትባላለህ። «ኮሽኮሼው ዩዋን» ከመባል ይሻለኛል ብለህ ይሆናል።

አራተኛ። ዩዋን፣ ሱሪውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ ያለ አንዳች ውል ያንተ ነው። ያ የለበስኸው አንድ ቀን ተራራ ላይ ያስቀርሃል ብዬ እፈራለሁና እናትህ የሰፋችው ይጠብቅህ። ስሜን ግን መልስልኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ዱጋል በተቀመጠበት አንድ ቃል ተናገር፤ ያን ቀን ኮሽ ያደረገው ማን ነው? ዱጋል ከዚህ ወጥቶ ለሸለቆው ይነግርልኛል፣ እኔም በስሜ እቀበራለሁ።

«ዩዋን፣ በሞቴ፣ ንገረው!» አለች ኡና።

ዩዋን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ምን ያደርግልሃል? ባለርስቱ ቢሰማ ቤቱን ይነጥቀኛል። እኔ ልጆች አሉኝ አባዬ።»

«እኔም ልጆች ነበሩኝ» አልሁት።

ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ እያለ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማሁ።

«ወሰደው?» አልሁ፣ አላይምና።

«በብብቱ ይዞ ወጣ» አለች ኡና። ታለቅስ ነበር።

ይሁን። እንግዲህ አይበርደውም።

አምስተኛና የመጨረሻ። በእኛ ልማድ ሬሳ በገመድ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የራስጌውን ገመድ የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው። በኩሬ ዩዋን ቢሆንም የእኔን የራስጌ ገመድ ኡና ትያዘው። ዩዋን ቢመጣ አትከልክሉት፤ ከሕዝቡ ጋር ይቁም። ቃሌ ይህ ነው፤ የቀረ የለኝም።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ፋርከር ማቲሰን

እኛ ምስክሮች ተናዛዡ ሙሉ ልቡና ይዞ ይህን ሁሉ በገዛ አንደበቱ መናገሩን፣ ጽሑፉም ተነብቦለት «ልክ ነው» ብሎ በፊታችን መፈረሙን እናረጋግጣለን።

ጸሐፊና ምስክር፦ ኤልስፔት ቢተን

ምስክር፦ ዱጋል ማክሬ

በራሴ እጅ የምጨምረው፦ «ሳላሙ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ዱጋል ነኝ። ዛሬ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው ድረስ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ፋርከር አንድም ጊዜ አልሳለም።